የጋሼ ይልማ ሰላምታ ቆራጭ

ስለ ሥራዬ የዋሸሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለሚስቴ ቤተሰብ ሽማግሌ በላክሁ ቀን። ሽማግሌዬ ከመኪና ሲወርዱ «ሥራው ምንድን ነው ቢሉኝ ምን ልበል?» ሲሉኝ፣ «ኮምፒውተር ነክ ነው ይበሏቸው» አልኳቸው። እሳቸው ገብተው «ልጁ የኮምፒውተር ኢንጂነር ነው» አሉ። ሽማግሌ የሚላከው ነገሩን ከፍ አድርጎ እንዲያቀርብ አይደል?

ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው እንኳ አይባልም። ዳውንታውን ሎስ አንጀለስ፣ ስምንት ፎቅ ያለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ። መውጫው ላይ ትኬት የሚውጥ ማሽን አለ። ማሽኑ ሲደነዝዝ አጠፋዋለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ አበራዋለሁ፤ በሩ ይከፈታል። ሶፍትዌር፣ ሃርድዌር፣ ኔትወርክ እያሉ ሰው የሚያስፈራሩበት ሙያ ሁሉ ቢጨመቅ የሚወጣው ይኸው ነው፤ ማጥፋትና ማብራት። የቀረው ሰው ፊት ኮስተር ማለት ነው፤ እሱን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እችልበታለሁ።

የሚስቴ አባት ጋሼ ይልማ ግን የተነገራቸውን የሚያምኑ ሰው ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ኢንጂነሩ» እያሉ ሲጠሩኝ ደስ እያለኝ «አቤት» አልኩ። የዋሸሁበት ዕዳ የመጣው ባለፈው ወር ነው። ጋሼ ይልማ ዕድሜያቸውን የፈጁበትን የፓልምስ አፓርትመንት ለቀው እኛ ጋ፣ ሎንግ ቢች ሊገቡ ሆነ፤ ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣም ብሏል። ባለቤቴ ህሊና ሁለት ሥራ ሰጠችኝ። አንደኛው ቤቱን ባዶ ማድረግ፤ ሁለተኛው አባቷን ከጋሼ ደጀኔ ጋር ማስታረቅ። ሁለቱንም በአንድ ቅዳሜ።

ጋሼ ደጀኔን የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በርበሬ፣ ሻንጣና የስልክ ካርድ የሚሸጡት ሰውዬ ናቸው። ከጋሼ ይልማ ጋር አብረው አሜሪካ ገቡ፤ አንድ ክፍል ተከራይተው በአንድ ፍራሽ ላይ በፈረቃ ተኙ፤ ህሊናን በትከሻቸው እሹሩሩ ብለው አሳደጉ። ከዚያ አንድ ቀን ተኳረፉ። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ጋሼ ይልማ በየቅዳሜው እትዬ ወይንሸት ምግብ ቤት መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ጋሼ ደጀኔ ከመንገዱ ማዶ ሱቃቸው በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ላለመተያየት ይለፋሉ። ፊት ለፊት ተቀምጦ አለመተያየት እንደዋዛ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ አንገት ይፈልጋል።

ያላስታረቀ ሰው የለም፤ ማለቴ ያልሞከረ። ቄስ ገብቷል፣ ዕድርተኛ ገብቷል። ጋሼ ደጀኔ ሲጠየቁ «ያደረገውን እሱ ያውቃል» ይላሉ። ጋሼ ይልማ ሲጠየቁ «ያደረገውን እሱ ያውቃል» ይላሉ። ሁለቱም «ያውቃል» የሚሉት ሰው ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ህሊና ይህን ሁሉ እያወቀች ነው ነገሩን በእኔ ላይ የጣለችው።

«አባዬ ሎንግ ቢች ከገባ በኋላ በዚህ ጉልበቱ ማን ያመላልሰዋል?» አለችኝ። «ሳይታረቁ አንዳቸው ቢሞቱ ቀባሪው ሌላኛው ነው። ያንን ቀን ማየት አልፈልግም።» ይህን ስትል እንባዋ መጣ፤ እኔም ቀሳውስት ያቃታቸውን ነገር «ኦኬ» ብዬ ተቀበልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ፓልምስ ሄድኩ። ቁም ሣጥኑ ሥር ያገኘሁትን ልንገራችሁ፤ የዳቦ ያህል የወፈረ ኪቦርድ፣ ሆዱ የተነፋ ትንሽ ቴሌቪዥን፣ ከባድ የብረት ሳጥንና አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ፍሎፒ። ልጥለው ሳነሳ ጋሼ ይልማ በሩን በከዘራቸው ዘጉት። ኪቦርዱ ራሱ ኮምፒውተሩ ነው አሉኝ፤ የብረቱ ሳጥን ፍሎፒ የሚነበብበት ዲስክ ማንበቢያ ነው። እነዚህ ሳይበሩ ሎንግ ቢች አልገባም አሉ። ለዛሬው የስንብት ምሳ እትዬ ወይንሸት ጋ ሰው ጠርተዋል፤ ሰው ፊት ይበራልኝ አሉ። «ኢንጂነር በቤቴ እያለ ለማን ልስጠው?»

እኔም ሽማግሌ በላክሁበት ቀን አፍ «ይሄማ ቀላል ነው» አልኳቸው።

ዕቃውን ጭነን በቬኒስ ቡሌቫርድ ስንጓዝ መንገዱ እንደተለመደው ቆሞ ነበር፤ ስለዚህ የማሽኑን ታሪክ ከሥሩ ሰማሁ። ኢንተርኔት ሰው ቤት ሳይገባ አንድ ሰው ኮምፒውተሩን ከቤቱ ስልክ ጋር ያገናኛል። ሌላው ከራሱ ቤት በኮምፒውተር ይደውልለታል፤ ማስታወቂያ ያነባል፣ መልእክት ያስቀምጣል፣ ይዘጋል። ቡለቲን ቦርድ ይባላል። የመጀመሪያውን የጻፉት ቺካጎ ውስጥ በረዶ መንገድ የዘጋባቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ጋሼ ይልማ ይህን ሲያወሩ አብረዋቸው በረዶ የዛቁ ነው የሚመስሉት። በረዶ የማያውቀን እኛ ሎስ አንጀለሶች ደግሞ መንገድ ሲዘጋብን መኪና ውስጥ ተቀምጠን እንዲህ የሰው ታሪክ እንሰማለን፤ ሌላ የፈጠርነው ነገር የለም።

ያን ጊዜ ፕሮግራም እንደ እርሾ ነበር አሉ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ቆንጥሮ ይሰጣል፣ ተቀባዩ በራሱ እጅ ያቦካዋል። ለእሳቸው ቆንጥሮ የሰጣቸው ወደብ ላይ አብሯቸው ጭነት የሚቆጥር ፈረንጅ ነው። እሳቸው ማውጫውን አማርኛ አደረጉት፤ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ማሽኑ ሌላ ስለማያውቅ። አንድ ሲጫኑ የሚከራይ ክፍል፣ ሁለት ሲጫኑ ሥራ፣ ሦስት ሲጫኑ አገር ቤት ሂያጅ ሰው፣ አራት ሲጫኑ ሠርግና ለቅሶ። ኮምፒውተር የነበራቸው ሐበሾች ጥቂት ስለነበሩ ሌላው እነሱ ቤት እየሄደ ያስጽፍ ነበር። መስመሩ አንድ ነው፤ አንድ ሰው ከገባ ሌላው ይጠብቃል። የህሊና እናት ስልኩን ካነሱ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቋረጥና ጆሯቸው ውስጥ ይንጫጫል።

ታዲያ ጋሼ ደጀኔም (ስማቸውን አልጠሩም፤ «ያ ሰውዬ» ነው ያሉት) የራሴን ቦርድ ልክፈት አሉ። ጋሼ ይልማ የነበሯቸው ሁለት ዲስክ ማንበቢያዎች ነበሩ፤ አንዱን አዋሷቸው። በአንድ ማንበቢያ ሲቀሩ የመልእክት ቦታ ጠበባቸው። ቦታውን የበላው ምን እንደሆነ ቢመረምሩ ሰላምታ ሆኖ ተገኘ።

አስቡት። አንድ ሰው «ሎንግ ቢች አንድ ክፍል አለ፤ ማክሰኞ ደውልልኝ» ለማለት ቀድሞ የሰውዬውን ጤና፣ የሚስቱን ጤና፣ የልጆቹን፣ የአማቱን፣ አብረውት የሚሠሩትን ጤና ይጠይቃል፤ የራሱንም ጤና በዝርዝር ይገልጻል፤ ለሁሉም እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ፈረንጆቹ ሁለት መስመር ይጽፉበት የነበረው ቦርድ በእኛ እጅ የቤተ ዘመድ ጉባኤ ሆነ። ስለዚህ ጋሼ ይልማ ሰላምታ ቆራጭ ጻፉ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፕሮግራሙን ያስነሱታል። እሳቸው ምሳ ሲበሉ እሱ የሳምንቱን መልእክት ከላይ ጀምሮ ያያል፤ «ሰላም»፣ «ጤና»፣ «እንደምን» ወይም «እግዚአብሔር» ያለበትን መስመር ሁሉ ሰላምታ ነው ብሎ ያነሳል፤ እነዚህ ቃላት የሌሉበት መስመር ሲደርስ ያቆማል። ከዚያ በታች ያለው ቁም ነገር ነው፤ ይቀራል።

«የተቆረጠውስ?» አልኳቸው።

«የሰው ሰላምታ ይጣላል እንዴ? ሌላ ፍሎፒ ላይ አስቀምጬዋለሁ» አሉ። እውነትም ካርቶኑ ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ «ሰላምታ» የተባለ ፍሎፒ ነበር፤ እኔ መዝሙር መስሎኝ ነበር።

ለሰዎቹ ነግረዋቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አልነገሩም፤ ምን ብለው ይንገሩ? ላኪው እንደተቆረጠበት አያውቅም፤ ተቀባዩ ላኪው የተለወጠ ይመስለዋል። ያን ዘመን «አሜሪካ ሰውን አበላሸው፣ እንዴት አደርክ እንኳ ቀረ» እየተባለ የተለቀሰው ለካ የአሜሪካ ሥራ አልነበረም። ፓልምስ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር የሚሠራው።

እትዬ ወይንሸት ምግብ ቤት ስንደርስ ሰው ሞልቷል። ማሽኑን መሃል ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ንግግርም አደረግሁ፤ ምን እንዳልኩ አሁን አላስታውስም፣ «ቴክኖሎጂ» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ እንዳነሳሁ ግን ነግረውኛል። ከዚያ ሶኬቱን ሰካሁ። ዲስክ ማንበቢያው ሳጥን ትንሽ አጉረመረመና ከጎኑ ቀጭን ጭስ አወጣ።

እዚህ ላይ አዋቂ ሰው ሶኬቱን ነቅሎ ይተዋል። እኔ ግን ባለሙያ ነኝ። አጠፋሁት፤ መልሼም አበራሁት። ያን ጊዜ ጭሱ ወፈረ፣ ቋ አለ፣ የምግብ ቤቱ መብራት በሙሉ ጠፋ። ዘፈኑ ቆመ፤ ወጥ ቤት ውስጥ የተጣደው ጥብስ ግማሽ ላይ ቀረ። እትዬ ወይንሸት ለእጅ መታጠቢያ የቀረበውን ማንቆርቆሪያ ይዘው መጡና ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች አጠቡት። የተረፈውን እኔ ላይ ጨረሱት፤ ሳያዩ ነው አሉ።

መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩና ቴሌቪዥኑ ደህና ናቸው፤ ዲስክ ማንበቢያው ግን ሞቷል። ያለ እሱ ደግሞ የትኛውም ፍሎፒ አይነበብም። ጋሼ ይልማ «አይዞህ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቤቱን ሲያስረክቡ ያልከፋቸው ሰውዬ ባዶውን ቴሌቪዥን እያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ቆይተው በመስኮቱ ወደ ማዶ አዩ።

«ሁለተኛው ደጀኔ ጋ ነው» አሉ። ስማቸውን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

መንገዱን ተሻገርኩ፤ ሸሚዜ ያንጠባጥባል። በርበሬ ልግዛና ነገሩን ቀስ ብዬ አነሳለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ጋሼ ደጀኔ ግን ከላይ እስከ ታች አይተውኝ «ጭሱን አይቼዋለሁ። የይልማን ሳጥን ልትወስድ ነው የመጣኸው» አሉ። ሳጥኑ ከበላያቸው መደርደሪያ ላይ ነው፤ በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ አቧራ አልነካውም። የሰው ዕቃ ይዞ መቅረት የሳቸው አመል እንዳልሆነ፣ የሆነ ቀን እመልሳለሁ ሲሉ እንደኖሩ ነገሩኝ።

«ታዲያ ምነው ሳይመልሱ?»

«እንዴት አድርጎ እንደጠየቀኝ ታውቃለህ?» አሉ። «የእናቴ መርዶ በተነገረኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ከተማው በሙሉ ቤቴ መጥቷል፤ እሱ የለም። ስልክ አልደወለም። ቦርዱ ላይ ከይልማ መልእክት አለህ ሲሉኝ እንደ ሕፃን ሮጬ ከፈትኩት። አንድ መስመር ነው። ‹ዲስክ ማንበቢያዬን ሳትረሳ መልስልኝ። ይልማ።› እናቱ ለሞተችበት ሰው!»

እናንተ ይኼኔ ገብቷችኋል። እኔ አልገባኝም። ሰላምታ ቆራጩን ከሰማሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም፣ መልሱ እጄ ላይ ነው፣ እኔ ግን ቆሜ «ይገርማል» እላለሁ። ጭንቅላቴ ደንዝዞ ነበር፤ የሚያጠፋና የሚያበራ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

ጋሼ ደጀኔ ሳጥኑን አልሰጡኝም። ራሴ እወስድለታለሁ አሉ፤ ግን ያንን መልእክት በሰው ፊት ከፍ አድርጎ ያነብባል። ይህን ብለው ሱቁን ቆለፉና ሳጥኑን ታቅፈው ተሻገሩ። እኔ ከኋላቸው እየሄድኩ ህሊናን ምን ብዬ እንደማያት አስብ ነበር። አስታርቅ የተባልኩትን ሰዎች ከተማው ፊት ላደባድብ ነው።

ሲገቡ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። ሁለቱ ሰላም አልተባባሉም። ሳጥኑን ገጠምኩ፤ አልጨሰም። ጋሼ ይልማ የመልእክቱን ፍሎፒ መርጠው ሰጡኝ፤ የነገሩኝን ፊደል ጻፍኩ፤ የሳጥኑ ቀይ መብራት በራች። እርጅና የያዘው ሳጥን እያቃሰተ አንድ መስመር አወጣ። ያው ነው፤ ዲስክ ማንበቢያዬን ሳትረሳ መልስልኝ።

«አንብበው» አሉ ጋሼ ደጀኔ።

ጋሼ ይልማ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ቀና ብለውም «የቀረውስ?» አሉ።

«የቱ የቀረ?»

«አንድ ገጽ ጽፌልሃለሁ። ወደብ ላይ ሁለት ሺፍት ደርበውብኝ መውጣት አቃተኝ፤ ስልክህ ቀኑን ሙሉ ተይዟል። ቅዳሜ ከሥራ እንደገባሁ ሳልበላ አንድ ገጽ ጻፍኩልህ። ማክሰኞ ለቅሶ ልደርስህ ብመጣ ፊትህን አዙረህ ጓዳ ገባህ። ይኸን ሁሉ ዓመት ምን በደልኩት ስል ነው የኖርኩት።»

«ገጽህ ይኸው» አሉ ጋሼ ደጀኔ ወደ ቴሌቪዥኑ እያመለከቱ፤ ሳጥናቸውን ሊያነሱም ጎንበስ አሉ። ያንን ሳጥን ይዘው ከወጡ ነገሩ እስከ መቃብር እንዳበቃ ቤቱ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ግልጽ ነበር። እኔ ደነገጥኩ። ስደነግጥ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሽኑን አጠፋሁት። ፍሎፒውን አወጣሁ፣ ከካርቶኑ እጄ የገባውን ሌላ አጎረስኩት፣ አበራሁ፣ ያንኑ ፊደል መልሼ ጻፍኩ። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ኢንጂነሮች ያስረዱ።

በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈበት ነበር። ቴሌቪዥኑ ሰላምታ ያዘንብ ጀመር። እንደምን ሰነበትክ፣ ጤናህ እንዴት ነው፣ የነከሰህ ውሻ ጤና ነው ወይ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ሰዉ የራሱን ስም እያየ ይስቅ ጀመር፤ እትዬ ወይንሸት የወጣትነት ሰላምታቸውን አግኝተው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ «ወንድሜ ደጀኔ» የሚል መጣ። ከማሽኑ አጠገብ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ ከፍ አድርጌ አነበብኩት።

«ወንድሜ ደጀኔ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። እናትህ ስንወጣ ለሁለታችን እኩል ስንቅ የቋጠሩልን እናት ነበሩ፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በገነት ያኑር። እኔም ዛሬ እናቴን እንዳጣሁ ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል። እዚህ ተይዤ አጠገብህ ባለመሆኔ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንተም ይቅር በለኝ። እግዚአብሔር ይስጠው ሰው ሁሉ የማጽናኛ ቃል እየላከልህ ቦርዱ ሞልቷል፤ የአንዱም ቃል እንዳይጠፋብህ ስል ነው በዚህ ሰዓት የማስቸግርህ።»

እዚህ ላይ ቆመ። የቀረችውን አንድ መስመር ሁላችንም እናውቃታለን። በመጨረሻ ለእኔም ገባኝ።

ጋሼ ይልማ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቆርጦታል» አሉ። «በየመስመሩ እግዚአብሔር ስላልኩ ለቅሶውን ሰላምታ መስሎት ቆርጦታል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዞር ብዬ አላየሁትም።» ሠላሳ ዓመት የተጣሉት ከራሳቸው ፕሮግራም ጋር ነበር። ከዚያ ከዘራቸውን ትተው ተነሱና ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ጋሼ ደጀኔ ፊት ቆሙ።

«ደጀኔ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ።»

«አሜን» አሉ ጋሼ ደጀኔ፤ ሳጥኑን ለቀው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ጋሼ ይልማም አጠገባቸው ተቀምጠው አለቀሱ። እኔ ያለቀስኩት በጭሱ ምክንያት ነው።

ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ። የተጠራቀመውን ሁሉ ማለቴ ነው። ጤናህ እንዴት ነው፣ ወገብህስ፣ ስኳሩስ፣ ወንድምህስ፣ እህትህስ፣ ያ ልጅህ ደህና አገባ ወይ? አንዱ ጠይቆ ሲጨርስ ሌላው ከመጀመሪያው ይነሳል። እኔ ሥራ የምገባው ለአሥር ሰዓት ነው። ጥብሱ ሁለት ጊዜ ተሞቀ፣ ሁለት ጊዜ ቀዘቀዘ፤ እነሱ ገና አማቶች ላይ ናቸው። ጋሼ ይልማ ያንን ፕሮግራም ምን ቸግሯቸው እንደጻፉት ያን ዕለት በደንብ ተረዳሁ፤ ጭራሽ ስልኬ ላይ ቢኖረኝ ብዬ ተመኘሁ።

ስንሄድ ጋሼ ደጀኔ ሳጥኑን በላስቲኩ ጠቅልለው «በል ዕቃህን ውሰድ» አሉ። ጋሼ ይልማ ሳጥኑን አዩት፣ ጓደኛቸውን አዩ፤ «ዛሬ መኪናው ሞልቷል። አንተው ጋ ይቆይልኝ፤ ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ» አሉ። መኪናው የኋላ ወንበሩ ባዶ ነበር። ልናገር ስል ከዘራው እግሬን ነካኝ።

ህሊና ሁሉንም ስነግራት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስማኛለች፤ ደስታዬ ከልብ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ጋሼ ይልማን ከሎንግ ቢች ፌርፋክስ ድረስ ድራይቭ የማደርገው እኔ ነኝ፤ የምንሄደው ሳጥኑን ልንወስድ ነው። አራተኛ ቅዳሜያችን ነው። እስካሁን ሰላምታው አላለቀም፤ ሳጥኑም እዚያው ነው።